ሊኑክስ ላይ የሚሠራው የምስጠራ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ለምን ክራሽ ያደርጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ሶፍትዌር እየሠራ የሚሸጥ ልጅ ብዙ ጊዜ ኮዱን የሚጽፈው ኡቡንቱ ላይ ነው። ፕሮግራሙ የሚጫነው ግን ፒያሳ ያለ ሱቅ፣ አቶቴ ያለ ክሊኒክ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ቢሮ ውስጥ ባለ ዊንዶውስ ላይ ነው። የአባላት መረጃ ስላለበት ምስጠራ ይገባበታል። ላፕቶፑ ላይ ሳያንገራግር ሲሠራ የነበረው ፕሮግራም ደንበኛው ጋ ሲደርስ ገና ከመከፈቱ ይዘጋል፤ ክራሽ የምንለው ይህን ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች የሚመጡት ያኔ ነው። መልሶቹ በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ለሚጽፉ ናቸው።

ኮዱ ሊኑክስ ላይ ስንት ጊዜ ሠርቷል። ታዲያ ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም ወይ?

በአብዛኛው አይደለም። ስህተቱ ድሮም ኮዱ ውስጥ ነበር፤ ሊኑክስ አላጋለጠውም እንጂ። ሲ ብዙ ነገር ለኮምፓይለሩና ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይተዋል። ሎንግ ስንት ባይት ነው? ቻር ከዜሮ በታች ይወርዳል ወይስ አይወርድም? ማሎክ የሚሰጠው አድራሻ በስንት ይካፈላል? ቋንቋው ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። እናንተ ሳታስቡት አንዱን መልስ ይዛችሁ ጻፋችሁ፤ አዲሱ ሲስተም ሌላ መልስ ይዞ መጣ።

የምስጠራ ኮድ ከሌላው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ባይት በባይት ይቆጥራል፣ ቢት ያሽከረክራል፣ ፖይንተር ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ይቀይራል፣ ለፍጥነት ሲል እስከ ፕሮሰሰሩ ልዩ ትእዛዞች ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ክራሽ ሲያደርግ አትበሳጩ። ክራሽ ያደረገ ኮድ የት እንዳመመው እየነገራችሁ ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጠው ነው። ስለ እሱ ወደ ታች ሰፋ አድርጌ ጽፌያለሁ።

ከየት ልጀምር?

ክራሽ ካላደረገበት ማሽን ጀምሩ። ሊኑክሱ ላይ ኮዱን የሜሞሪ ስህተት ከሚይዘው አድረስ ሳኒታይዘር ጋር እንደገና ኮምፓይል አድርጉና አስኪዱት። ከጂሲሲም ከክላንግም ኮምፓይለር ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮን በሞባይል ዳታ ያወረደ ሰው ምን ያህል ጥቅል እንደሚበላ ያውቃል። ይሄ ግን ምንም ማውረድ አይጠይቅም። ከድርድር (አሬይ) ውጭ ማንበብ፣ ከተለቀቀ በኋላ ሜሞሪ መንካት፣ ሁለቴ መልቀቅ፣ እነዚህን ሁሉ ከነመስመር ቁጥራቸው ያወጣቸዋል። እንግዳ የሚመስለው የዊንዶውስ ክራሽ ብዙ ጊዜ እዚያው ሊኑክስ ላይ ይገኛል።

ቀጥሎ ኡቡንቱ ላይ ሚንጂደብልዩ የሚባለውን ኮምፓይለር ጫኑ። ሊኑክስ ላይ ሆኖ የዊንዶውስ ፕሮግራም ያወጣል። ፕሮግራሙን ሳታስኬዱት እንኳ ኮምፓይል ስታደርጉ የሚመጡት ማስጠንቀቂያዎች ብቻቸውን ብዙ ይነግሯችኋል። በተለይ «ፖይንተር መጠኑ ወደ ተለየ ኢንቲጀር ተቀይሯል» የሚለውን በጭራሽ አትለፉ።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የስህተት መዝገብ የሚያሳየውን ኢቨንት ቪውወርን ክፈቱና የስህተቱን ኮድ አንብቡ። ሲ0000005 ከሆነ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቷል ማለት ነው። ሲ000001ዲ ከሆነ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ መጥቶበታል። ሲ0000374 ከሆነ ሂፑ (ማሎክ ሜሞሪ የሚሰጥበት ቦታ) ተበላሽቷል፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የተፈጠረው ክራሹ ከታየበት ቦታ ቀድሞ ነው። በሊኑክስ ቋንቋ የመጀመሪያው ሲግናል 11፣ ሁለተኛው ሲግናል 4 ነው። ሁለቱን ማምታታት ግማሽ ቀን ያስበላል፤ መፍትሔያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃልና።

በብዛት የሚገኘው ጥፋት የትኛው ነው?

ሎንግ። ሁሌም መጀመሪያ እሱን ነው የማየው። በ64 ቢት ሊኑክስና ማክ ላይ ሎንግ 8 ባይት ነው። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ነው። ፖይንተር ግን በሁሉም ላይ 8 ባይት ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ ፖይንተርን ሎንግ ውስጥ ማስቀመጥ ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ የአድራሻው ግማሽ ይቆረጣል።

በቅርብ ያየሁትን ላሳያችሁ። አንድ ልጅ ለቁጠባ ማኅበር የሠራውን ፕሮግራም ይዞ መጣ። ቁልፉ የተቀመጠበትን ሜሞሪ አድራሻ ሎንግ ውስጥ አድርጎ ከፋንክሽን ወደ ፋንክሽን ያቀብለዋል። ዲበገሩ ክራሹን የሚያሳየው ቁልፉን በሚገለብጠው መስመር ላይ ነው፤ መስመሩ ራሱ ግን ምንም ጥፋት የለበትም። አድራሻውን በሄክሳዴሲማል አየነው። ሙሉ አድራሻ 16 አሃዝ ነው። የዚህኛው የላይኛዎቹ 8 አሃዞች ዜሮ ናቸው። ሁለት ፋንክሽን ወደ ኋላ ስንመለስ ያው አድራሻ ከላይኛው አሃዞቹ ጋር ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። የታችኛዎቹ 8 አሃዞች በሁለቱም ቦታ አንድ ናቸው። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። አንዳንዴ ደግሞ የላይኛዎቹ 8 አሃዞች በሙሉ ኤፍ ሆነው ይመጣሉ። ያም በሽታው አንድ ነው፤ የተቆረጠው ቁጥር አሉታዊ ሆኖ ተመልሶ ሲሰፋ ነው እንደዚያ የሚሆነው።

መፍትሔው ፖይንተርን በፖይንተርነቱ ማቀበል ነው። የባይት ብዛት በሳይዝ ቲ ይያዝ። ስፋቱ መታወቅ ያለበት ቁጥር ዩኢንት32 ወይም ዩኢንት64 ተብሎ ይጻፍ። አርኤስኤ የተባለውን የምስጠራና የፊርማ ስልት ትልልቅ ቁጥሮች በሎንግ ድርድር የሚይዝ ኮድ ካላችሁ እዚያም ግቡ። 64 ቢት ነው ብሎ በ40 ቢት የሚያሽከረክር መስመር ዊንዶውስ ላይ ትርጉም የለሽ ይሆናል። ክራሽም ላያደርግ ይችላል፤ ፊርማው ግን አይረጋገጥም።

ዊንዶውስ የሚያሳየኝ አድራሻ 16ቱም አሃዝ ኤፍ ነው። ፖይንተሬን ሳየው ግን ደህና ነው። ምን ጉድ ነው?

ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። ያ አድራሻ እውነተኛ አይደለም። አንዳንድ የፕሮሰሰር ትእዛዞች አድራሻው በ16 እንዲካፈል ግድ ይላሉ። ካልተካፈለ ፕሮሰሰሩ ጥፋቱን ያሳውቃል፣ አድራሻውን ግን አይነግርም። ዊንዶውስ በቦታው ኤፍ ይሞላል፤ ሊኑክስ ያንኑ ሲያጋጥመው ዜሮ ያሳያል። ናል ፖይንተር መስሏችሁ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ስልት ፈጣን ኮድ እነዚህን ትእዛዞች በብዛት ይጠቀማል። የምታረጋግጡት እንዲህ ነው። ክራሽ ያደረገው ትእዛዝ ሞቭአፕስ ወይም ሞቭዲኪውኤ መሆኑን እዩ። ከዚያ የፖይንተሩን የመጨረሻ የሄክሳዴሲማል አሃዝ ተመልከቱ። ዜሮ ካልሆነ አገኛችሁት። በ32 ቢት ዊንዶውስ ማሎክ የሚሰጠው አድራሻ በ8 መካፈሉን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። በ64 ቢት 16 ነው። የቁልፍ ሰንጠረዡን በማሎክ ያስቀመጠ ኮድ ደንበኛው ጋ ባለ አሮጌ የ32 ቢት ማሽን ላይ አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። አድራሻው በ32 እንዲካፈል የሚፈልጉትን የኤቪኤክስ ትእዛዞች ደግሞ ማሎክ የትም ቦታ ላይ አይችላቸውም።

ስታስተካክሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊንዶውስ ላይ አላይንድ ማሎክ በሚለው የራሱ ፋንክሽን የተወሰደ ሜሞሪ በፍሪ አይለቀቅም፤ የራሱ አላይንድ ፍሪ አለው። ይህን የረሳ ሰው አንዱን ክራሽ በሌላ ክራሽ ይለውጣል።

በእንግሊዝኛ ፊደል የይለፍ ቃል ሲገባ ይሠራል፤ በአማርኛ ሲገባ ክራሽ ያደርጋል። ለምን?

ለእኛ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ውስጥ ደግሞ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሦስቱም ባይቶች ከ127 በላይ ናቸው። የመጀመሪያው 225 ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ቻር አሉታዊ ቁጥር ስለሚይዝ 225 የነበረው −31 ይሆናል። ያንን ይዞ 256 ቦታ ወዳለው ሰንጠረዥ የሚሄድ ኮድ ከሰንጠረዡ በፊት ያለውን ሜሞሪ ያነባል። ክራሽ ላያደርግ ይችላል፤ ያነበበው ግን ቆሻሻ ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ ወደ ዩኢንት32 ከተቀየረ ደግሞ 4,294,967,265 ይሆናል። በ64 ቢት ላይ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክራሽ ነው። አርም ፕሮሰሰር ላይ ባለ ሊኑክስና በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቻር አሉታዊ አይሆንም። «ስልኬ ላይ ይሠራል፣ ላፕቶፕ ላይ እምቢ አለኝ» የሚባለው አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሌላም አለ። ከይለፍ ቃሉ ጫፍ ላይ ክፍት ቦታ ለማጥፋት ኢዝስፔስ የሚለውን ፋንክሽን የሚጠራ ኮድ ብዙ ነው። የሊኑክሱ የሲ ላይብረሪ ግሊብሲ አሉታዊ ቻር ሲመጣበት ይታገሣል። የቪዥዋል ስቱዲዮ የዲበግ ግንባታ ግን እዚያው ያቆመዋል። የሚታገሠውን አይታችሁ ትክክል ነኝ አትበሉ። ባይት የሆነ ነገር ሁሉ ዩኢንት8 ይሁን።

አሁን ከክራሹ የሚከፋውን ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ላይ የይለፍ ቃሉን በጠባቡ፣ ማለትም በቻር በሚቀበለው የማስገቢያ መንገድ ስትቀበሉ፣ የማሽኑ ኮድ ፔጅ (የፊደላት ሰንጠረዡ) አማርኛ የማያውቅ ከሆነ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ስለዚህ 6 ፊደል ያላቸው የአማርኛ የይለፍ ቃሎች ሁሉ አንድ ይሆናሉ፤ 6 ጥያቄ ምልክት። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ቅሬታ ይመሰጥራል፣ ያለ ምንም ቅሬታ ይፈታል። በስድስት ፊደል የሞከረ ማንኛውም ሰው ይከፍተዋል። እባካችሁ ሰፊውን የዊንዶውስ ፋንክሽን ተጠቀሙ፤ ወደ ዩቲኤፍ 8 ቀይሩት፤ ቁልፉን ከዚያ አውጡ። ከመሸጣችሁ በፊት በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በእንግሊዝኛ ሞክሩ። በሐዋሳ የሚሸጥ ፕሮግራም በሐዋሳ ሰው የይለፍ ቃል መፈተን አለበት።

የምስጠራ ላይብረሪው ኦፕን ኤስኤስኤል ዊንዶውስ ላይ «አፕሊንክ የለም» ብሎ ይዘጋብኛል።

የከፈታችሁትን ፋይል ጠቋሚ ለላይብረሪው እያቀበላችሁ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራማችሁና ላይብረሪው የተለያየ የሲ ራንታይም (የሲ መሠረታዊ ፋንክሽኖች ስብስብ) ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ የአንዱን ፋይል ሌላው አያውቀውም። ሁለት መውጫ አለ። ከኦፕን ኤስኤስኤል ጋር የሚመጣውን አፕሊንክ የተባለ የሲ ፋይል ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት አንዱ ነው። ሁለተኛው ቁልፉን ባዮ በሚባለው የላይብረሪው የራሱ ማንበቢያ በኩል ማንበብ ነው፤ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ራንታይሙን ከነጭራሹ ከጨዋታ ያስወጣዋል። ሜሞሪም እንደዚያው ነው፤ ላይብረሪው የሰጣችሁን በላይብረሪው መልቀቂያ ልቀቁ እንጂ በራሳችሁ ፍሪ አይሁን።

የእትም መምታታትም ልማዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 1.1.0 ጀምሮ የውስጥ ስትራክቸሮቹ ተዘግተዋል፤ የኮንቴክስቱን (ላይብረሪው የሥራውን ሁኔታ የሚይዝበትን ስትራክቸር) መጠን ራሳችሁ ገምታችሁ ስታክ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። በአንዱ እትም ሄደር ኮምፓይል ተደርጎ በሌላው ዲኤልኤል (የዊንዶውስ የላይብረሪ ፋይል) የሚሠራ ፕሮግራም ሊወድቅ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ሌላ ፕሮግራም ትቶት የሄደ አሮጌ ዲኤልኤል መንገድ ላይ ሊያጋጥም ይችላል። ፕሮግራሙ ሲነሣ የላይብረሪውን እትም ራሱን ጠይቃችሁ ሎግ ላይ ጻፉ።

ማክ ላይስ?

ሲስተሙ ውስጥ ያለውን ሊብክሪፕቶ የተባለ የምስጠራ ላይብረሪ አትንኩ። ከካታሊና፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የማክ እትም ጀምሮ የእትም ቁጥር ሳይጠቅስ የሚጭነውን ፕሮግራም ማክ ራሱ ሆን ብሎ ይዘጋዋል። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ትንሽ አሴምብሊ አለበት። እሱስ ይሻገራል?

እንዳለ አይሻገርም። ሊኑክስ የመጀመሪያውን አርጉመንት አርዲአይ በሚባለው ሬጅስተር ያቀብላል፤ ዊንዶውስ በአርሲኤክስ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ወዲያው ስለሚወድቅም ቶሎ ይያዛል። የሚደበቀው ሌላው ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤክስኤምኤም 6 እስከ 15 ያሉትን ሬጅስተሮች የነካ ፋንክሽን ሲመለስ እንደነበሩ መመለስ አለበት፤ ሊኑክስ ላይ ይህ ግዴታ የለም። ስለዚህ የምስጠራው ፋንክሽን በትክክል ሠርቶ ይመለሳል፤ የሚበላሸው የጠራው ፋንክሽን የያዘው ቁጥር ነው። ክራሹ ፈጽሞ በማይገናኝ ቦታ ይታያል። ከስታክ ጠቋሚው በታች ያለው 128 ባይት ነፃ ቦታም ሊኑክስ ላይ የሚፈቀድ፣ ዊንዶውስ ላይ የማይፈቀድ ነው።

ራስፕቤሪ ፓይ (አርም ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ በዲበገር ስከፍተው ብቻ ሲግናል 4 ይመጣል። ያለ ዲበገር ይሠራል።

ክራሽ አይደለም። ኦፕን ኤስኤስኤል አርም ላይ ሲነሣ ፕሮሰሰሩ የትኞቹን ልዩ ትእዛዞች እንደሚያውቅ በመሞከር ሊያረጋግጥ ይችላል። የማያውቀው ሲመጣ የሚነሣውን ሲግናል ራሱ ይይዘዋል። ዲበገሩ ቀድሞት ስለሚይዝ ነው የቆመው። ቀጥል በሉት። ራስፕቤሪ ፓይ 4 የኤኢኤስ ትእዛዞች የሉትም፤ 5 አለው። ያለ ዲበገርም በዚሁ ሲግናል ከወደቀ ግን የራሳችሁ ኮድ ሳይጠይቅ እየተጠቀመባቸው ነው።

ክራሹ ጠፋ። አሁን ግን ሊኑክስ ላይ የተመሰጠረው ፋይል ዊንዶውስ ላይ አይፈታም።

ፋይሉን ስትከፍቱ በባይነሪ መክፈታችሁን እዩ። ዊንዶውስ በጽሑፍ መንገድ ሲያነብ የመስመር መጨረሻዎችን ይቀይራል፤ 26 የሆነ ባይት ሲያይ ደግሞ ፋይሉ አለቀ ይላል። የተመሰጠረ ፋይል ውስጥ 26 መምጣቱ አይቀርም። ስትራክቸርን እንዳለ ወደ ፋይል የሚጽፍ ኮድ ካለም ያው የሎንግ ጉዳይ ይመለሳል።

ከዚያ በታወቁ የፍተሻ ምሳሌዎች አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፊፕስ 197 የተባለው የኤኢኤስ ሰነድ መጨረሻ ላይ ቁልፉን፣ ግልጽ ጽሑፉንና የሚጠበቀውን ውጤት ይሰጣል። ራሱ መስጥሮ ራሱ መፍታቱ በቂ አይደለም። በሁለቱም በኩል እኩል የተሳሳተ ኮድም ይህን ፈተና ያልፋል።

የሜሞሪ ስህተት ፈላጊው ቫልግሪንድ የሚያጉረመርምበትን አንድ መስመር ባጠፋው ክራሹም ማስጠንቀቂያውም ይጠፋል። ላጥፋው?

ለምን እንደሆነ ሳታውቁ አታጥፉ። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቫልግሪንድ ኦፕን ኤስኤስኤል ላይ ያቀረበውን ቅሬታ ለማስወገድ ተብሎ ጥቂት ኮድ ወጣ። የወጣው ኮድ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫውን ዘር (የማይገመት መነሻ) የሚመግብ ነበር። የቀረው የሚለዋወጥ ነገር የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እሱም ቢበዛ 32,768 አማራጭ ነው። ችግሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ነው። እስከዚያ ድረስ ዴቢያንና ከእሱ የተወለደው ኡቡንቱ ላይ የተሠሩ ቁልፎች በግምት የሚገኙ ነበሩ። ምንም ክራሽ አልነበረም። ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስል ነበር።

የዘፈቀደ ቁጥሩን ስታሻግሩም ይህን አስቡ። ሊኑክስ ላይ የዘፈቀደ ቁጥር ከሚሰጠው ዴቭ ዩራንደም ፋይል የሚያነብ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን አያገኝም። መክፈቱ መሳካቱን ካላየ ቁልፉ ባዶ ወይም የቆየ ሜሞሪ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ቢክሪፕት ጄንራንደም የሚባለውን ፋንክሽን ተጠቀሙ፤ የመለሰውንም እዩ። ካልተሳካ ፕሮግራሙ ይቁም። በራንድ ፋንክሽን መተካትማ አይታሰብ።

ክራሽ ዳምፑን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልልቀቅና ሰው ይርዳኝ?

አትልቀቁ። ዳምፕ ማለት የፕሮግራሙ ሜሞሪ ነው፤ ቁልፉም፣ የይለፍ ቃሉም፣ የአባላቱ ስምና ቁጠባም ውስጡ አለ። ደንበኛው አምኖ የሰጣችሁ መረጃ ነው። በፈጠራ ቁልፍና በፈጠራ መረጃ ክራሹን ድገሙት፤ ዳምፑን ከዚያ ውሰዱ። ከዚህ ውጭ የስታክ ትሬሱን በጽሑፍ፣ የኮምፓይለሩንና የላይብረሪውን እትም፣ ሲስተሙ 32 ወይም 64 ቢት መሆኑን ጨምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ከደንበኛው ማሽን የተወሰደ ዳምፕ በፍላሽ ይዛችሁ ከሆነ ሥራው እንዳለቀ አጥፉት፤ ዊንዶውሱም በራሱ የሚያስቀምጠው ቅጂ ሊኖር ስለሚችል ያንንም እዩ።